የአያቶቻችን ብር እንዴት ይነበባል?

በደሴና በኮምቦልቻ በቆዩት ቤቶች፥ በሣጥን ሥር ወይም በሙዳይ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ጥቂት አሮጌ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይታጣም። የቤቱ እመቤት ከእናትዋ፥ እናትዋም ከእናትዋ የተቀበለችው ነው። ቋጠሮው የሚፈታው ሰው ሲታመም፥ ልጅ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ፥ ወይም ተዝካር ደርሶ እጅ ሲያጥር ነው። ያን ጊዜ ወደ አንጥረኛ ይወሰድና በሚዛን ላይ ተደፍቶ በግራም ይሸጣል። አንጥረኛውም አቅልጦ መስቀል፥ አምባር ወይም የጆሮ ጌጥ ያደርገዋል። ሻጭም ገዢም በዚህ ክፉ አልሠሩም፤ ነገር ግን በሚዛኑ ላይ የተደፋው ብር ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ሁለቱም ሳያውቁት ይቀራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንወደው፥ አንድ ቤተ ሰብ ቋጠሮውን ከመሸጡ አስቀድሞ በገበታ ላይ ዘርግቶ ምን እንደ ያዘ እንዴት ሊያነበው እንደሚችል ነው።

በአሜሪካ አገር ዳይም የሚባል የዶላር ዐሥረኛ የሆነ ትንሽ ሳንቲም አለ። እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶው ዘጠናው እጅ ብር ነበረ። በዚያ አገር ብዙ ሰዎች አሮጌውን ዳይም በከረጢት እየገዙ፥ ማታ በመብራት ሥር ተቀምጠው አንድ በአንድ ይለቅማሉ። የሚመለከቱትም ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ዓመቱ፥ ሁለተኛው የተመታበትን ከተማ የምታሳየው ትንሽ ፊደል ናት። ዲ ለዴንቨር፥ ኤስ ለሳን ፍራንሲስኮ ትሆናለች። በ1916 እ.ኤ.አ. በአዲሱ መልክ በፊላደልፊያ የተመታው ዳይም ከ22 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፥ በዴንቨር የተመታው ግን 264,000 ብቻ ነው። መልካቸው አንድ፥ ክብደታቸውም አንድ ነው፤ በዋጋ ግን አንዲቱ ፊደል እጅግ አራርቃቸዋለች። ይህ ሥራ ለእነርሱ ጨዋታም ትርፍም ነው። ለእኛ ቤቶች ግን ከጨዋታ ያለፈ ጕዳይ አለበት፤ የቀለጠ ብር ተመልሶ አይነበብምና።

የእኛን አገር ገንዘብ የሚለቅም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእኛ ዘንድ በገንዘቡ ላይ የተጻፈው ዓመት ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የተመታበትን ዓመት አይናገርም።

ለዚህ ዋናው ምስክር ጠገራ ብር ነው። በአንድ ፊቱ የኦስትርያይቱ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ፥ በሌላው ፊቱ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለበት። ዓመቱ 1780 ይላል። ይህም ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ቀርቷል። በቪየና ያለው የገንዘብ መምቻ ቤት ዛሬም ይመታዋል። ስለዚህ 1780 የሚለውን አይቶ «ይህስ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው» እያለ የሚደነቅ ሰው፥ ምናልባት ከራሱ ዕድሜ ያነሰ ብር በእጁ ይዞ ይሆናል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ከ39 መቶኛ ያህል ነው። አንጥረኛው የሚገዛው ይህን ንጹሑን ክፍል መሆኑን ሻጩም ቢያውቅ መልካም ነው።

የቀድሞ ነጋዴዎቻችን ይህን ብር ዝም ብለው አይቀበሉትም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ማያያዣ ዙሪያ ያሉትን የዕንቍ ነጥቦች ይቈጥራሉ፤ ከምስሏ በታች ያሉትን ኤስና ኤፍ የሚባሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋሉ፤ የጠርዙን ጽሑፍ በጥፍር ይዳስሳሉ። ነጥቡ የጠፋበት ወይም ፊደሉ የተፋቀ ከሆነ ይመልሱታል፤ የአውሮፓ ሰዎችም በዚህ ጥንቃቄያቸው ይስቁባቸው ነበር። እኛ ግን የሚያስቅ ነገር አናይበትም። ማንበብ የማይችሉትን ፊደል በመልኩ ለይተው የሐሰቱን ከእውነተኛው መነጠላቸው ታላቅ ማስተዋል ነው። ሁለቱ ፊደላት ጉንዝቡርግ በምትባለው ከተማ በነበረው መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስሞች መጀመሪያዎች ናቸው። ከዓመቱ ቀጥሎ ያለችው የእንድርያስን መስቀል የምትመስለው ምልክትም መኖር አለባት።

የዚህ ብር ነገር ወደ እኛ አገር መከራ የሚያደርስ ታሪክም አለው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፥ ሕዝባችን ከጠገራ በቀር ሌላ ገንዘብ እንደማያምን ስላወቀ፥ በ1927 ዓ.ም. የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትርያ መንግሥት ወሰደና በሮማ ያስመታ ጀመር። ጥቂት ቈይቶም እንግሊዝ በለንደን፥ ኋላም በበርሚንግሃምና በቦምቤይ፥ እንዲሁም ፓሪስና ብራስልስ እየመቱ አወጡት። የጣልያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በከተማው ሳሉ ደሴን ደበደቡ፤ በሚያዝያም ጦሩ ራሱ ገባ። እንግዲህ በደሴ ሙዳይ ውስጥ ካለው ጠገራ አንዳንዱ፥ ለዚያው ጦር ደመወዝና ለስንቁ መግዣ ሲባል በሮማ የተመታ ሊሆን ይችላል። የመምቻ ቤቶቹን ሥራ የሚለዩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ የማያያዣው ስፋትና የዕንቍዎቹ መጠን፥ የንስሩ ጅራት ላባዎች አሠራር፥ የጠርዙ ጌጥ። በሚያጎላ መስተዋት ሁለት ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለተመለከተ ሰው ልዩነቱ ፈጥኖ ይታየዋል።

ኮምቦልቻ የመንገድ መገናኛ መሆንዋ ለዚህ ነገር ጠቅሟል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣውና በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚለያዩት በእርሷ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ደገኛውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ጠገራውም በዚያ ከገንዘብነቱ ሌላ የሴቶች የአንገት ጌጥ ነበረ። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ከሚገኘው ጠገራ ብዙው ቀለበት የተበየደበት ወይም የተበሳ ነው። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ዋጋ ይቀንሱበታል። ስለ ዋጋው እውነታቸውን ነው፤ ይሁን እንጂ ቀለበቱን ፈልቅቆ፥ ቀዳዳውን በእርሳስ ደፍኖ ለመሸጥ መሞከር ብሩን ሁለት ጊዜ ማበላሸት ነው።

ከጠገራው ቀጥሎ የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘብ ይመጣል። በአክሱም ዘመን ነገሥታቶቻችን በወርቅ፥ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያስመቱ እንደ ነበር፥ ንጉሥ ኢዛናም ካመነ በኋላ የጨረቃና የፀሐይ ምልክቱን ትቶ መስቀልን በገንዘቡ ላይ እንዳኖረ የታወቀ ነው። ያ ከተቋረጠ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ አገራችን በራስዋ ንጉሥ ስምና በራስዋ ፊደል ገንዘብ ያስመታችው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ብሩ በመጠኑ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ሆኖ በፓሪስ ተመታ። ግማሹ አላድ፥ አራተኛው ሩብ፥ ስምንተኛው ተሙን ይባል ነበር፤ ትንሹም ግርሽ ወይም መሐለቅ የምንለው ነው። ሕዝቡ ግን በቀላሉ አልተቀበለውም፤ ለንግድ ጠገራውን መረጠ፥ የምኒልክን ብር ብዙ ጊዜ ለጌጥ አደረገው።

በዚህ ብር ላይ ዓመቱ እንደ እኛ አቈጣጠር በግእዝ ቍጥር ተጽፎአል። ብሩ ላይ የሚገኙት ዓመታት ፲፰፻፹፯፥ ፲፰፻፹፱፥ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭ ናቸው። በየዓመቱ የተመታው ብዛት እኩል አይደለምና ዓመቱን ለይቶ ማወቅ ዋጋ አለው። ደግሞ ሌላ መለያ አለ፤ በፊተኞቹ ሁለት ዓመታት ብር ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ሲሆን፥ በኋለኞቹ ሁለት ዓመታት ያነሣው የቀኝ እግሩን ነው። በትንሹ የተቀረጸች ኤ የምትባል የላቲን ፊደል ካለች የፓሪስ ምልክት ናት፤ አሜሪካውያን በዳይማቸው ላይ የሚፈልጉት ዓይነት ፊደል መሆኑ ነው።

ግርሹ ከሁሉ ይልቅ ዳይምን ይመስላል። ክብደቱ አንድ ግራም ከአርባ መቶኛ ያህል ስለሆነ በመዳፍ ላይ ቢያስቀምጡት አይሰማም። ፲፰፻፺፭ የሚለው ግርሽ በአዲስ አበባ በተተከለው መምቻ ቤት በዚያው ዓመት ስም ለብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ በየቋጠሮው የሚበዛው እርሱ ነው። ፲፰፻፹፱ ወይም ፲፰፻፺፩ የሚል ቢገኝ ግን ለብቻው ይቀመጥ።

ችግሩ ያለው በማንበቡ ላይ ነው። የዛሬ ልጆቻችን ፊደሉን ያውቃሉ፥ ቍጥሩን ግን አያውቁም። በትምህርት ቤት የሚማሩት ሒሳብ ሁሉ በሌላው አኃዝ ስለሆነ፥ የግእዝን ቍጥር የሚያዩት በመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ ራስ ላይ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈ ሰው ግን በባሕረ ሐሳብ ሲደክምበት ስለ ኖረ በጨለማም ያነበዋል። ነገሩ ቀላል ነው። ፲ ዐሥር፥ ፻ መቶ ነው። ፲፰ ማለት ዐሥራ ስምንት፤ ፲፰፻ ማለት ዐሥራ ስምንት መቶ። ቀጥሎ ፹ ሰማንያ፥ ፯ ሰባት ሲሆን፥ ሁሉም በአንድነት 1887 ይሆናል። ዜሮ የሚባል የለበትም፤ ስለዚህ እንደ ሌላው አኃዝ በቦታ አይቈጠርም። በአረጀ ብር ላይ የሚያሳስቱት ፮ ከ፯፥ ፯ ከ፱፥ ፷ ከ፸ ጋር ናቸው፤ ከላይና ከታች ያለችው ሰረዝ በመታሸት ብዛት ስለምትጠፋ፥ ብሩን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ጥላውን ማየት ያስፈልጋል። ይህን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልጆቹ ያስተማረ አባት፥ ልጆቹን ከአያቶቻቸው ሣጥን ጋር አስተዋወቃቸው ማለት ነው።

በኮምቦልቻ በምናውቀው በአንድ ቤት የሆነውን እንንገር። የቤቱ እመቤት ባል የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲደርስ፥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ወደ ደብረ ብርሃን የወጡት ይህን ቋጠሮ በመቀነታቸው ታጥቀው ነበር። ቤቱ ተዘርፎ ሲያገኙት ከቀድሞው ንብረት የተረፈው በወገባቸው ያለው ብቻ ሆነ። ኋላም የታላቁ የልጅ ልጃቸው የዓይን ሕክምና ገንዘብ ቢያስፈልገው፥ ቋጠሮውን ለአንጥረኛ ለመስጠት ቈረጡ። ልጁ ግን «እማማ፥ መምህር ሳያየው አይሸጥ» ብሎ እኛን ጠራን።

በሰፌድ ላይ ዘረገፍነው። ዐሥራ አንድ ጠገራ፥ ከእነዚህም ሦስቱ ባለ ቀለበት፤ አንድ የምኒልክ ብር፤ ሃያ ስድስት ግርሽ፤ ዘጠኝ የብር ሽልንግ ነበረ። ልጁ የምኒልክን ብር አንሥቶ «ይህ ቍጥር ነው ወይስ ፊደል?» አለ። አስተማርነውና ራሱ አነበበው፤ ፲፰፻፹፱ ነበረ፥ የአንበሳውም ግራ እግር ተነሥቶአል። ከጠገራዎቹ ሁለቱ በሚዛን ሲወጡ ቀለው ተገኙ፤ የጠርዛቸውም ጽሑፍ ደብዛዛ ስለ ነበር ሐሰተኞች መሆናቸው ታወቀ። እመቤቲቱ አልተናደዱም። «እነዚህን ያመጣ አማቼ ነው፤ ነፍሱን ይማር፥ ንግድ አይሆንለትም ነበር» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ምን ይሸጥ የሚለው ጥያቄ መጣ። ልጁ ዋጋ ያለው የምኒልክ ብር ስለሆነ እርሱ ይሸጥ አለ። እርሳቸው ግን «ጠገራው የሰው ነው፥ ይህ ግን የእኛ ነው» አሉና አልሰጥም አሉ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ የልጁም ዓይን ነውና። በመጨረሻ ቀለበት የሌላቸው ስድስት ጠገራና ዘጠኙ ሽልንግ በክብደት ተሸጡ፤ የጐደለውን ዘመድ ሞላው። ባለ ቀለበቶቹ ሦስቱ ለልጅ ልጃቸው ለሴቲቱ ተቀመጡ። ልጁ በኋላ ታክሞአል። እመቤቲቱ የመረጡት በገበያ ዋጋ ቢመዘን ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምን እንደ ሸጡና ምን እንዳስቀሩ አውቀው አደረጉት፤ እኛም ከዚህ የበለጠ አንሻም።

ሽልንግ ስላልን ስሙ ከወዴት እንደ መጣ እንናገር። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ፥ ጣልያን ሲወጣ፥ በአገራችን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራበት ነበር፤ በአንድ ፊቱ የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ 6ኛ መልክ፥ በሌላው አንበሳ ያለበት ነው። ብሩ ከመቶ ሃያ አምስት እጅ ብቻ ስለሆነ ጠቈር ይላል። በ1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ ሲወጣ ሁለቱ ሽልንግ በአንድ ብር ስለ ተመነዘረ፥ አምሳ ሳንቲሙ የሽልንግን ስም ወረሰ። ይህ አምሳ ሳንቲም 7 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ገንዘብ ነበረ። የተጻፈበት ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በዚያው ቀን ሲመታ ቈይቶአል። የፊተኛው ከመቶ ሰማንያ፥ የኋለኛው ከመቶ ሰባ እጅ ብር ነው፤ በዓይን ግን አይለዩም። የዚህ ዘመን ሳንቲም ከተመታባቸው አገሮች አንዱ አሜሪካ ነው፤ ዳይሙን የሚመታው የፊላደልፊያ መምቻ ቤት የእኛንም መትቶአል።

የዚያ ዘመን ሃያ አምስት ሳንቲም፥ ማለት ስሙኒው፥ የራሱ ወግ አለው። መጀመሪያ የወጣው ክብና ከመዳብ የተሠራ ነበር። መጠኑ ከሽልንጉ ጋር ስለ ተቀራረበ፥ ተንኰለኞች በብር ውሃ እየነከሩ በአምሳ ሳንቲም ያሳልፉት ጀመር። ስለዚህ ክቡ ተሰበሰበና ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸነሸነው ወጣ፤ ከተሰበሰበውም ብዙው ጠርዙ እየተቈረጠ ተመልሶ ወጥቶአል። ስለዚህ ክቡ ስሙኒ ከተገኘ በብር ባይሠራም አይጣል።

ከጦርነቱ በፊት የወጣው፥ ፲፱፻፳፫ የሚለው የማቶኛ ገንዘብም አለ። አንድና አምስቱ መዳብ፥ ዐሥሩ፥ ሃያ አምስቱና አምሳው ኒኬል ናቸው። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባንክ በደሴም ቅርንጫፍ ስለ ነበረው በእኛ አገር መገኘቱ አያስደንቅም። ሰዎች ብርን በማግኔት ይፈትናሉ፤ ብር አይሳብም፥ ይህ እውነት ነው። ኒኬል ግን ይሳባል፤ ስለዚህ የተሳበውን ሁሉ ሐሰተኛ ብሎ የሚጥል ሰው እውነተኛውን የ1923 ገንዘብ ሊጥል ይችላል።

ስለ አያያዙ ጥቂት እንበል። በሎሚና በአመድ ማሸት የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ ለአምባር ይሆናል፥ ለተቀረጸ ገንዘብ ግን አይሆንም። ጥቍረቱ በራሱ ቆዳ ነው፤ ሲፋቅ የፊደሉ ጥርት ይጠፋል፥ ሰብሳቢም ይሸሸዋል። በጠርዙ ይዞ፥ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ለየብቻ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበቃል።

የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። አሁን በየከተማው እየዞሩ አሮጌ ብር የሚገዙ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ምልክቱን በሚገባ ያውቃሉ፥ ሻጯ ግን አታውቅም። ዐዋቂው የምኒልኩን ብር ከጠገራው ጋር ደባልቆ በክብደት ከገዛት፥ በሕግ ሌባ አይባል ይሆናል፤ እኛ ግን ክርስቲያን ለሆነ ሰው የተፈቀደ ነው አንልም። መጀመሪያ ይንገራት፥ ቀጥሎ ይግዛ። የቤተ ክርስቲያንም ነገር እንዲሁ ነው። ምእመናን ለስለት ያገቡት ጠገራና ግርሽ ከሙዳየ ምጽዋት ሲወጣ፥ ሰበካ ጉባኤው በክብደት ከመሸጡ በፊት ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ዓመቱንና ምልክቱን እየጻፉ መዝገብ ቢያበጁ፥ የሚፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከምእመናኑም ጥያቄ ቢነሣ መልሱ በእጅ ይገኛል። ወደ ውጭ አገር ለመላክ ለሚያስብም፥ ቅርስን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209/1992 ገንዘብን ከሚንቀሳቀሱ ቅርሶች ጋር እንደሚቈጥር ይወቅ፤ ያለ ፈቃድ ማውጣት አይገባም።

ቋጠሮውን መልሳችሁ ስታስሩ፥ ቍጥሩን፥ ዓመቱንና ከማን እንደ መጣ የሚናገር ትንሽ ወረቀት ከውስጥ ጨምሩ። ወረቀቱም በቀለም ሳይሆን በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም በእርጥበት ይፈሳልና።